በኒምኮ ስም የተቀመጠው ድምፅ

ሸደር፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ማህደር፣

በሾፌሩ በዲሪዬ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ወሽቆት ስለነበር አንቺን አንቺን ሳይሆን ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእናትሽ ለእትዬ እታገኘሁ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ስልክሽ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ስለሞተ የእኔን ከነሄድፎኑ ስልክልሽ ደስ ይላታል ብዬ ነበር እንጂ እንዲህ ትማረርበታለች አላልኩም። "ዘፈኑን ሁሉ ቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ጠጠር አደረገው" ላልሽው ጥፋቱ የሄድፎኑ አይደለም። ታውቂያለሽ፣ እኔ ከስደተኞች የተቀዳውን ቃለ መጠይቅ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ስገለብጥ ነው የምውለው። ኢኳላይዘሩን ለዚያ ሥራ ስል አስተካክዬው ነበር። አንቺ የራስሽን ማድረግ ትችያለሽ።

የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ስትገቢ አሥር የቆሙ መስመሮች ታያለሽ። ከግራ ያሉት ሦስቱ ወፍራሙ ድምፅ ናቸው፤ ከበሮና ቤዝ። መሃል ያሉት አራቱ የሰው ድምፅ ያለበት ነው። ከቀኝ ያሉት ሦስቱ ቀጭኑ ናቸው፤ ጽናጽል፣ ፉጨት፣ ዘፋኙ "ስ" ሲል የሚሰማው ፍጨት። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሺ። ከዚያ በቃልሽ የምታውቂውን አንድ ዘፈን ክፈቺና አንድ አንድ መስመር ብቻ እየነካሽ ስሚ። የጎደለውን ከፍ ከማድረግሽ በፊት የበዛውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሁሉንም ከፍ ካደረግሽው ሁሉም በአንዴ የሚጮኽበት ገበያ ይሆንብሻል። ቤዙን ከሁለት በላይ አታስኬጂው። መሃል መሃል ደግሞ ሄድፎኑን አውልቀሽ ጆሮሽን አሳርፊው፤ የደከመ ጆሮ ይዋሻል።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ አሁን የያዝኩት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ኔትወርኩም እዚህ ይቆራረጣል። ደብዳቤ ይሻላል። ስለ ሠርጉ ቀን ትንሽ ታገሺኝ። የሥራ ውሌ በመጋቢት ይታደሳል፤ እሱ ይለይና ለሽማግሌዎቹ ቀን እንቆርጣለን።

ያንቺው ይሁን

ጅጅጋ፣ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይሁን፣

ሰላምታህን ለእማዬ አደረስኩ። "ቀን ሳይቆርጥ ጉልበቴን የሚጠይቀው ሠርጉ ላይ ልጨፍርበት ነው?" አለችህ። ጉልበቷ ደኅና ነው፤ ምላሷም ከጉልበቷ የባሰ ደኅና ነው።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ሱቁን ገርበብ አድርጌ፣ የድሪያ ቀሚስ ጨርቅ ጣቃዎቹ ላይ ተቀምጬ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ቤዙን ሦስት አደረስኩት። ሁለት በቃሽ ብለሃል፤ ግን ከበሮው ደረቴ ውስጥ ሲገባ ደስ ይለኛል፣ ይህ ደግሞ የእኔ ጆሮ ነው። መሃሉን ዝቅ ሳደርገው ዘፋኙ ጎረቤት ቤት ገባብኝ፤ መለስኩት። ቀጭኑን ትንሽ ቀነስኩ፤ ያ ፍጨት ጥርሴን ይበላኝ ነበር። አሁን ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ማውለቅ እየከበደኝ ነው። እጅህ ይባረክ።

ግን ላሰለችህ ነው መሰለኝ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ዲሪዬ ከሸደር ሆኖ በቀን አራት ጊዜ ለሚስቱ ይደውላል። ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆማ ስታወራ እሰማታለሁ፤ ልጆቹ ምን እንደበሉ ሳይቀር ይጠይቃታል። ኔትወርኩ ለዲሪዬ የሚሠራ፣ ለአንተ የሚቆራረጥ ምን ዓይነት ኔትወርክ ነው? ሁለተኛ፣ ስልኩ ታጥቧል። አንድ ፎቶ የለበት፣ የተደወለ ቁጥር የለበት፣ መልእክት የለበት። ለእጮኛዬ ንጹሕ ስልክ ልስጥ ብለህ ይሆናል። እኔ ግን የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ከልክ በላይ የታጠበ ጨርቅ ሳይ ምን ፈሶበት ነው እላለሁ።

ደግሞ ፎቶውን ያጠበ ሰው ኢኳላይዘሩን ማጠብ ረስቷል። የራሴን ላስቀምጥ ብዬ ስገባ የተቀመጡ ስሞች አገኘሁ። "ዜና" የሚል አለ። "ማህደር" የሚል አለ፤ ሳየው ልቤ ሞቀ። ከእኔ በላይ ግን "ኒምኮ" የሚል አለ።

በሰላም ነው የምጠይቅህ። ኒምኮ ማን ናት?

ማህደር

ሸደር፣ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ማህደር፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኒምኮ በሥራ ምክንያት የማውቃት ሰው ናት። ለድምፅ ሥራ የሚሆነኝን ልክ ያወጣችልኝ እሷ ስለሆነች በስሟ አስቀመጥኩት፤ ሌላ ነገር የለውም። አጥፊው። በእሱ ሙዚቃ እንዳትሰሚ ደግሞ፤ ቀጭኑ እስከ ላይ ስለተሰቀለ ጤነኛ ጆሮ ያማል።

በዚህ ሳምንት ሥራ በዝቶብኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አጭር ሆነብሽ።

ስሞቹን ለሌላ ሰው አሳይተሻል? ለዲሪዬ አላሳየሽውም አይደል?

ይሁን

ጅጅጋ፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለይሁን፣

"ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" ይባላል። እኔ ገንፎውን እስካሁን ሳላይ እየዋጥኩ ነበር።

አጥፊው አልከኝ። አላጠፋሁትም። ይልቅ ወረቀት አምጥቼ "ኒምኮ" የሚለውን አሥር መስመር ቁጥር ቁጥሩን ጻፍኩ። ሦስቱ ወፍራሞች እስከ ታች ወርደዋል። የመሃሎቹ ሁለት ዜሮ ናቸው። ከዚያ እንደ ደረጃ እየወጣ እየወጣ የመጨረሻዎቹ ጣሪያ ነክተዋል። ቀጥዬ "ማህደር" የሚለውን ከጎኑ ጻፍኩ። ያው ነው! አሥሩም። አንድ ቁጥር እንኳ ለደንቡ አልለወጥክም። ለሌላ ሴት የሰፋኸውን ቀሚስ ስም ቀይረህ አለበስከኝ ማለት ነው። በጨርቅ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሠራ ልብስ ሰፊ አይቼ አላውቅም።

"ጤነኛ ጆሮ ያማል" ስላልከኝ ደግሞ ሞከርኩት። እውነትህን ነው፣ መርፌ ነው። እንግዲህ በሥራ የምትተዋወቁ ሰዎች በመርፌ ነው የምትሰሙት?

ለዲሪዬ ስሞቹን አላሳየሁትም። ኒምኮ የምትባል ታውቃለህ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኩት። ያውቃታል! ማክሰኞ ማክሰኞ ከጅጅጋ ሸደር የሚወስዳት እሱ ነው። ረጅም ናት፣ ጨዋ ናት፣ ትከፍላለች እንጂ አትከራከርም አለኝ። አመስጋኝ ነው ዲሪዬ። አንተስ? ባለፈው ወር ለጎረቤቴ ልጅ ክርስትና ና ስልህ "ማክሰኞ ከሸደር መውጣት አልችልም" ያልከኝን አልረሳሁም።

ሌላ ደብዳቤ አልፈልግም። ደብዳቤ ላይ ሰው አስቦ፣ ሰርዞ፣ አሳምሮ ነው የሚጽፈው። ደውልልኝና በድምፅህ ንገረኝ። ቁጥሬን ታውቀዋለህ፤ የራስህ ቁጥር ነው።

ማህደር

ሸደር፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ማህደር፣

አልደውልም። ምክንያቴን ልነግርሽ አልችልም፤ ውሸት ከምነግርሽ ግን ዝም ማለት ይሻለኛል።

በየመኪናው እየዞርሽ ስለ እኔ እንደምትጠይቂ ሰምቻለሁ። ዛሬ ሾፌር ጠየቅሽ፣ ነገ የግቢውን ዘበኛ ትጠይቂያለሽ፣ ከነገ ወዲያ ወሬው ቢሮዬ ይገባል። እዚህ ያለሁት በውል ነው። ስለ እኔና ስለ ኒምኮ የሚወራ ነገር አለቃዬ ዐብዲዐዚዝ ጆሮ ከደረሰ እንጀራዬ ነው የሚነካው። እባክሽ ተይ።

ደግሞ ጠያቂ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ? ዲሪዬ ለእኔም ይነግረኛል። ወልደሩፋኤል የሚባል የባቢሌ ነጋዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅሽ እየተቀመጠ ይውላል አሉ። በኬሻ ለውዝ ይዞ ይመጣል አሉ። እኔ ዝም አልኩ እንጂ እጠይቅ ነበር። ልብሽ ወደ ሌላ ከሄደ በኒምኮ አታሳብቢ፤ ፊት ለፊት ንገሪኝ።

ይሁን

ጅጅጋ፣ የካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይሁን፣

ወልደሩፋኤል ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሚመጣውም ለእናቴ ነው። እሱም እንዳንተ ቀን አልቆረጠም።

ከዲሪዬ ጋር የምትልክልኝን ወረቀት ማመን ስለሰለቸኝ ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ሸደር መጣሁ። ከኒምኮ ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣነው። እሷ ጋቢና፣ እኔ ከኋላዋ። ጥቁር ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ፀሐይ ሲመታኝ አይታ ዞር ብላ "እህቴ፣ መጋረጃውን ሳቢው፣ ቆዳሽ ይቃጠላል" አለችኝ። ክፉ ብትሆን በወደድኩ ነበር።

እሷ ከገባችበት ክሊኒክ ፊት ለፊት ካለችው ሻሂ ቤት ተቀመጥኩ። በጾም ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሻሂ ስጠጣ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ አንተ እንዳትመጣ። መጣህ። ገባህ። ቆይተህ አብራችሁ ወጣችሁ። በር ላይ ቆማችሁ ጆሮህ ሥር ገብታ የሆነ ነገር ነገረችህ። ከንፈሯ ጆሮህን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንተ ራስህን ነቀነቅክና ሳቅክ።

እሷ ስትመለስ አንተን ተከተልኩህ። አሥር እርምጃ ብንራራቅ ነው። "ይሁን!" አልኩ። አልዞርክም። ጮኽ ብዬ "ይሁን!" አልኩ። ጋሪ የሚነዳው ሰውዬ ዞረ፣ ወተት የምትሸጠዋ ሴት ዞረች፣ አንተ ትከሻህ እንኳ አልተነቃነቀም። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄ ተሰበረ። ወተት ሻጭዋ ልታስቆምህ እጇን ስታነሣ ተይው አልኳት። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልዞረን ሰው ትከሻ መንካት ልመና ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ለማኝ አይደለሁም።

ድምፄን አውቀህ ነው ያልዞርከው። አሥር እርምጃ ላይ ሆኖ እጮኛውን የማይሰማ ሰው የለም።

ስልክህን፣ ሄድፎንህን፣ ቀለበትህን በአንድ ከረጢት አድርጌ ለዲሪዬ ሰጥቻለሁ። ሽማግሌዎቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ። ከአንተ ግን ማዘኔን አልደብቅም፤ በጣም ነው ያዘንኩት። እወድህ ነበር።

ማህደር

ሸደር፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ማህደር፣

አልሰማሁም።

ሦስት ጊዜ መጥራትሽን ከደብዳቤሽ ነው ያወቅኩት። ከኋላዬ የሚጠራኝን ሰው ካልሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ልጅ ሆኜ በትኩሳት የተጎዳው ግራ ጆሮዬ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ቆይቷል፤ ቀኙም እየሄደ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍ ጠፋብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ትንሿ ቃጭል ጠፋችብኝ። ከዚያ የሴቶች ድምፅ። በስልክ ስታወሪኝ ቃላቱ ከጥጥ ውስጥ የሚወጡ ይመስለኛል፤ ስትስቂ እስቃለሁ እንጂ በምን እንደሳቅሽ አላውቅም ነበር።

ኒምኮ የጆሮ መርማሪ ናት። ጥቁሩ ሣጥን የምርመራ ማሽኗ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ክሊኒኩ ትመጣለች፤ እኔም ከቢሮ ተሰውሬ እሄዳለሁ። የትኛው ድምፅ ምን ያህል እንደጎደለኝ ለክታ፣ ያን ለማካካስ የትኛው መስመር ስንት ከፍ ማለት እንዳለበት በወረቀት ጻፈችልኝ። እሱን ነው በስሟ ያስቀመጥኩት። እሱኑ የቢሮ ኮምፒውተሬ ላይም አድርጌ ነው ሥራዬ ላይ እስካሁን የቆየሁት። ኢኳላይዘር ለተቀዳ ድምፅ ይሠራል፤ ለስልክ ጥሪ ግን አይሠራም። ለዚህ ነው ያልደወልኩት። ስልኬን የሰጠሁሽም ለደግነት ብቻ አልነበረም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዝኩት ማለት ጥሩ ሰበብ ነበር።

ያንቺ ስም ለምን እንደተጻፈበት ልንገርሽ። አምና በድምፅ የላክሽልኝን አርባ ሦስት መልእክት የምሰማው በዚያው ልክ ነው። አንቺን እየሰማሁ ስክሪኑ ላይ የሌላ ሰው ስም እንዲታየኝ አልፈለግኩም። ቀድቼ በስምሽ አስቀመጥኩት። ቁጥር መለወጥ አልችልም፣ ጆሮዬ አንድ ነው።

በር ላይ ጆሮዬ ሥር ገብታ የነገረችኝ "ለዚያች ልጅ ንገራት፣ ኃጢአት ነው" ብላ ነው። የሳቅኩት እሺ ለማለት ነበር። እንደማልነግርሽ እሷም ታውቃለች።

ለምን ደበቅኩሽ? ውሌ በመጋቢት ይታደሳል፤ የማይሰማ አድማጭ ማን ይቀጥራል? ደግሞ ሠርጉን ፈራሁ። ካህኑ ሕዝቡ ፊት ሲጠይቁኝ "ምን አሉ?" ብዬ ወደ ሚዜዬ ስዞር ይታየኛል። እውነቱን ካልሽኝ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚብስ አለ። የጅጅጋ ሰው ሌላ ሴት አለችው የተባለን ወንድ ያማዋል እንጂ አያዝንለትም። የማይሰማውን ግን ያዝንለታል። አንቺም እንድታዝኚልኝ አልፈለግኩም።

ስልኩን መልሼ ልኬዋለሁ። ከዚህ በፊት አጥፍቼ የነበረውን ሁሉ ከኮምፒውተሬ መልሼ ጭኜበታለሁ፤ የምርመራው ወረቀትም ፎቶው አለ። ቀለበቱን እኔ ጋ አስቀርቻለሁ። ሽማግሌዎቹን ብትመልሺያቸው አልቀየምሽም። ኒምኮ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል ነግራኛለች፤ ይህን እያወቀ ማንም ትዳር አይገባም።

ይሁን

ጅጅጋ፣ መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይሁን፣

ደብዳቤህን አነበብኩና አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ። ይህን የምጽፍልህ ከሁለተኛው ላይ ሆኜ ነው።

ስልኩን ከፈትኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ የምርመራውን ወረቀት እንኳ መጀመሪያ አላመንኩትም፤ ማኅተሙን አጉልቼ አየሁት። እንዲህ አድርገኸኛል። ከዚያ መስመሩን አየሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቁልቁለት የሚወርድ። ኢኳላይዘሩ ላይ ያለው ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። የወረደብህን ያህል ነው የሰቀልከው። ያን ሳይ ስልኩን አስቀመጥኩና ራሴን ያዝኩ። አንዱን የድምፅ መልእክቴን በዚያ ልክ ሰማሁት። ድምፄ ተስሎ፣ ሹል ሆኖ፣ የእኔ አልመስል አለኝ። አንተ ዘንድ እኔ ሆኜ ለመድረስ ድምፄ ይህን ያህል መሳል አለበት።

አሁን ወደ ንዴቴ። አንድ ወር ሙሉ ባለጌ ነው ብዬ እንዳስብ ፈቀድክ። ከንፈሯ ጆሮህ ላይ ሲደርስ ያየሁትን እያሰብኩ ስንት ቀን ምግብ አልበላሁም! አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ያበቃ ነበር። አንተ ግን ጆሮው ይጠፋል ከምትል ይልቅ ሴት አለችው ብላ ትበሳጭ አልክ። እኔ ከማዝንልህ እኔ ብታመም መረጥክ። ኒምኮ ታውቃለች፣ ክሊኒኩ ያውቃል፣ ልታገባኝ ያጨኸኝ እኔ አላውቅም። ስለ ሌላ ሴት ነበር የጠረጠርኩህ፤ ተሳስቼ ነበር ይቅርታ። የደበቀኝ ነገር አለ ብዬ መጠርጠሬ ግን ልክ ነበር፤ ለእሱ ይቅርታ አልጠይቅም።

ለእማዬ ነገርኳት። ከዚያ "አባትሽ ሠላሳ ዓመት የምለውን ሁሉ ይሰማ ነበር፤ አንድ ቀን ሰምቼሻለሁ ብሎኝ አያውቅም" አለች። ቀጥላ ደግሞ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም በይው" አለችህ።

መልስ ዛሬ አልሰጥህም። አንድ ነገር አድርግ መጀመሪያ። ለአለቃህ ራስህ ንገረው፣ ከመጋቢት ውሉ በፊት። እዚያ ካምፕ ያለች አንዲት ሴት የደረሰባትን ስትናገር የሚያደምጣት ሰው ገሚሱን እየገመተ መሆኑን ብታውቅ ምን ትላለች? ይህን እንዴት ልታስበው እንዳልቻልክ አይገባኝም።

ደግሞ መልስልኝ። በየትኛው ጎንህ ልቀመጥ? ዝናብ ይሰማሃል? ሰው ሲናገር ፊቱን ካየህ ይሻላል? ልጅ ሲያለቅስ ትሰማለህ?

ማህደር

ሸደር፣ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ማህደር፣

ነገርኩት። ስለዚያች ሴት የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ የቢሮውን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ማድረግ አቃተኝ። እስካሁን ያልተሰማኝን ቦታ ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ እየመለስኩ፣ አጠገቤ ያሉትን እየጠየቅኩ ነበር የምጽፈው፤ ግን አንድም አላመለጠኝም ብዬ መማል አልችልም። ይህንኑ ለዐብዲዐዚዝ ነገርኩት። ኒምኮን ጠራት፣ ወረቀቱን አየ። ተቆጣ። ቁጣውን በሙሉ አልሰማሁትም፤ ፊቱን አይቼ ግን ገባኝ። የዚህን ዓመት ሥራዬን ሌላ ሰው እንደገና እያዳመጠ እንዲያመሳክረው አዘዘ። እኔን ከማዳመጥ አውጥቶ ሌሎች የገለበጡትን በወረቀት እንዳርም አደረገኝ። ውሉ የታደሰልኝ ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ይህን የምነግርሽ በተስፋ እንዳትታለዪ ነው።

ለጥያቄሽ። በቀኜ ተቀመጪ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲሆን ይሰማኛል፤ መሬት ላይ ሲሆን ሽታውን ነው የማውቀው። ፊት ካየሁ በጣም ይሻላል፤ ጥርሱን ገጥሞ የሚያወራና እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ይጠፋኛል። ልጅ ስላልሽው ኒምኮን ጠየቅኳት። የሕፃን ለቅሶ ከቀጭኑ ወገን ነው አለችኝ። ሌላ ክፍል ሆኖ ቢያለቅስ ላልሰማው እችላለሁ። ማዳመጫ መሣሪያ ካደረግኩ ይሻሻላል፤ እንደ ድሮው ግን አያደርገኝም።

አሁን ተራዬን ልጠርጥር። በመጀመሪያው መስመር አለቀስኩ ብለሻል። አዝነሽልኝ ከሆነ፣ እሺ ብትዪኝም እሺታሽን አላምነውም። ለሕመምተኛ የተሰጠ እሺታ ነው እያልኩ ስጠረጥርሽ ልኖር ነው። ስለዚህ እውነቱን ጻፊልኝ፤ እምቢም ቢሆን።

ይሁን

ጅጅጋ፣ መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይሁን፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ዲሪዬ ጾም ይዟል፤ ውኃ እንኳ አትጋብዘው። ለኒምኮ ከቶጎጫሌ የመጣ አንድ ድሪያ ልኬያለሁ፤ የቆዳዬ ዋጋ ነው በላት። ስለ ልብሱ እንጂ ስለሌላው አትጠይቃት፣ ሁሉንም ለብቻዬ ጽፌላታለሁ።

አዝነሽልኝ ነው ወይ ላልከው፣ አዝኜልህ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይቅር ብዬህ ነበር። አሁንም አንጀቴ እንደተቃጠለ ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንተን እየሰደብኩ ነው የምከፍተው። ለሕመምተኛ እንዲህ አይደረግም። ይህን ካላመንክ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

የሕፃኑን ነገር አስቤበታለሁ። እኔ እሰማለሁ፣ አንተን በክርኔ እነካሃለሁ፣ ተነሥተህ የምታባብለው አንተ ነህ። ስለ ሦስት ወሩ ውል ደግሞ ስድስት ወር አይደለም ብዬ አላለቅስም። ለካህኑ እማዬ ነግራቸዋለች፤ ፊትህ ቆመው ቀስ ብለው ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹን መልሼያቸው አልነበረም፤ እመልሳቸዋለሁ ብዬ የጻፍኩልህ አንጀትህ እንዲያር ነበር። ትናንት ተሰብስበው ቀኑን ቆርጠዋል። ከፋሲካ በኋላ፣ እሑድ ሚያዝያ 22። ቀለበቱን ራስህ ይዘህ ና።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። በዚህ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ስደውልልህ አንሣው። አውቃለሁ፣ አይሰማህም። ዝም ብለህ ቀኝ ጆሮህ ላይ ያዘው፤ እኔ ስዘጋ ትዘጋለህ። ከጥር ጀምሮ ውስጤ የተቀመጠ የምልህ ነገር አለ፣ እናገረዋለሁ። በድምፅ መልእክት ብልክልህ በኒምኮ ልክ አድርገህ ትሰማው ነበር፤ ለዚያ ነው የማልልክልህ። እማዬንም ከክፍሉ አስወጣታለሁ።

ስድብ ይሁን ሌላ፣ በደብዳቤ አልጽፍልህም፤ ስንጋባም አልነግርህም። እኔ አንድ ወር ጠርጥሬሃለሁ። አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን አጠገቤ እየተቀመጥክ፣ ያን ቀን ምን ብላኝ ይሆን እያልክ ትጠረጥራለህ።

ማህደር